የወይንሸት ሶሎና የሀቢባ መርዶ

ሰሚት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ለአብሮ አደጌ ለሀቢባ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴና ከደረጃው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ሀሩን ከቆጮው ጋር አድርሶልኛል። ያ ልጅሽ ተሳፋሪውን ካራገፈ በኋላ ሚኒባሱን ብሎካችን ፊት ያቆምና ክላክሱን ይለቀዋል እንጂ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። አራት ፎቅ ወርጄ ቆጮዬን በመስኮት የምቀበለው እኔ ነኝ። ተቆጪው ማለቴ አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አይ፣ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ኳየር ስልሽ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ተሰብስበን ያቋቋምነው የዘፈን ቡድን ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። የምንዘፍነው ስለ ጉርብትና፣ ስለ ሰላም፣ አንዱን ደግሞ ደረጃ በየተራ ስለ ማጽዳት ነው። የደረጃውን የጻፉት ሊቀ መንበራችን አቶ ተክለብርሃን ናቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ስለሆኑ በዘፈኑ ውስጥ ተራቸውን የዘለሉ ሰዎች የቤት ቁጥር ሳይቀር አለበት።

«በዚህ ዕድሜሽ ማን አስገባሽ?» ላልሽው፣ ማንም አላስገባኝም፣ ራሴ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ጉርድ ሾላ መጋረጃ ስሸጥ ውዬ ማታ ከቴሌቪዥን ጋር ከማፍጠጥ ይሻላል። ደግሞስ ሶሎ ተሰጥቶኛል! ሶሎ ማለት ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍንበት ቦታ ነው። እንዴት አገኘሽው ትዪኝ ይሆናል። አሰልጣኛችን ተስፋጽዮን «ማን ይሞክራል?» ሲል ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ እኔ ቀና ብዬ ተገኘሁ። ዘፈኑ «ጎረቤቴ ነይ፣ ደጄ ክፍት ነው» ይላል። ተስፋጽዮን ራሱ ያወጣው ነው፤ ገና ልጅ ነው፣ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል። ጎረቤቴ አስመረት ደግሞ ድምፅሽ አልቶ ነው፣ ለስለስ አድርጊው ትለኛለች።

ሀቢባ፣ ዝግጅቱ ጥር 25 እሑድ ከሰዓት ነው። እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ጆሮሽ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄዳል ካለሽ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ስልኩንማ ተይው፤ ባለፈው አንቺ «እ?» እኔ «እ?» ስንባባል ካርዱ አለቀ። ለዚህ አይደል ወደ ወረቀት የተመለስነው? ጨርሶ ሳይደክም አንዴ ስዘፍን ስሚኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ትዝ ይልሻል፣ ከእንሰቱ ማዶ ቆሜ «ሀቢባዬ!» ስልሽ ሻሽሽን እንኳ ሳታስሪ «ወዬ!» ብለሽ እየሮጥሽ ስትመጪ? በዚያ ድምፅ ሌላ ሰው ጠርቼበት አላውቅም።

ያንቺው ወይንሸት


ቡታጅራ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017

ለዘፋኟ ለወይንሸት፤

አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ፊደሌ ወዲህና ወዲያ የሚረግጠው ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ሶሎ ያልሽውን ለባለቤቴ ባነብለት ሥራውን ትቶ ሳቀ። ከዚያ ደግሞ «መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ ቃል አልገባልሽም። እንቅጩን ልንገርሽ፤ ጮክ ካልሽ እሰማሻለሁ፣ ዝቅ ካልሽ ግን መምጣቴ የሀሩንን ወንበር ማሞቅ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ከገባሽ ወዲህ እንደ ከተሜ መሹለክለክ ለምደሻል። ባለፈው እዚህ ስትመጪ በር ላይ ቆመሽ «ቤቶች» ያልሽውን ከውሻው በቀር ማን ሰማሽ?

አስመረት የምትባለው ጎረቤትሽ ስለ ድምፅሽ የተናገረችውን አልወደድኩትም። አልቶ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው የሚያሸማቅቅ ነገር ከሆነ ግን ከእሷ ራቂ።

እመጣለሁ ብዬ አልምልም። አልመጣምም አላልኩም። እስኪ መጀመሪያ በርትተሽ ተለማመጂ።

ሀቢባ


ሰሚት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017

ለሀቢባዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ጠረጴዛውን አናጢ አሳዪው፤ የመጨረሻውን መስመር ያነበብኩት ወረቀቱን አዙሬ ነው።

አስመረትን ግን በከንቱ ጠመድሻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሳስነጥስ እንኳ «ይማርሽ» የምትለኝ ከቤቷ ሆና ነው። አልቶ ማለት ወፈር ያለ የሴት ድምፅ ነው፤ እሷ ያለችውም «ወይንሸትዬ፣ እዚህ ከተማ በለስላሳው ነው የሚዘፈነው» ብቻ ነው። እውነቷን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋጽዮን ያዘዘንን የድምፅ ማሟሟቂያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ «ሚ ሚ ሚ» ብል፣ ከላይ ያለው ሰውዬ የውኃው ፓምፕ ተነሳ ብሎ ጀሪካን ተሸክሞ ወረደ። ውኃም እንደሌለ፣ ድምፁም የእኔ እንደሆነ ሲያውቅ እንዴት እንዳየኝ! ከዚያ ወዲህ የምለማመደው ቁም ሣጥን ከፍቼ ራሴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከትቼ ነው። አሁን በጣም ለስልሻለሁ። አንዳንዴ እኔም ራሴን አልሰማውም።

ተስፋጽዮን ሶሎዬ ሲደርስ ጆሮውን ወደኔ ያዘነብላል። ከጎኔ የሚቆሙት ደግሞ ገና ያልጀመርኩ እየመሰላቸው ዝም ይላሉ፣ ለካ ጨርሻለሁ። «ጥሩ ነው እትዬ ወይንሸት፣ ጥሩ ነው» ይለኛል፤ ትህትናው ልክ የለውም። ያንቺን ነገር ሳስብ ሆዴ ይባባል። ግን ምን ላድርግ? መታጠቢያ ቤት ከሆነው በኋላ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ወደ ሆዴ ይገባል።

ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የደንብ ልብሳችንን እኔ ነኝ የሰፋሁት። ባለፈው ዓመት አንድ ተቋራጭ ብዙ መጋረጃ አሰፍቶኝ የተረፈ ወፍራም የወይን ጠጅ ቀለም ጨርቅ ነበረኝ። ወንዱንም ሴቱንም በእሱ አለበስኳቸው። አቶ ተክለብርሃን ሲለብሱት ትንሽ ይከብዳል አሉ እንጂ ሁሉም ወዶታል።

መልስሽን በቶሎ። ትመጪያለሽ አይደል?

ወይንሸት


ሰሚት፣ ጥር 1 ቀን 2017

ለሀቢባ፤

ምን አስቀየምኩሽ? ላለፈው ደብዳቤዬ መልስ የለም። ለገና እንኳን አደረሰሽ ሳትዪኝ ስትቀሪ በዕድሜያችን የመጀመሪያው ነው። አንድ ዓመት ተኳርፈን እንኳ «እንኳን አደረሰሽ፤ አሁንም ግን ተቀይሜሻለሁ» ብለሽ የላክሽ ሰው ነሽ።

ይባስ ብሎ ሀሩን ከወንበሩ ተነሳ! ክላክስ የለ፣ ምን የለ፣ ቆጮውን ተሸክሞ አራት ፎቅ ወጣ። ጉልበቴን ጠየቀኝ። ብላ ስለው ሳይግደረደር በላ። «እናትህ እንዴት ናት?» ስለው ቴሌቪዥኑን እያየ «ደህና ናት» አለኝ። ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል። «ታዲያ ለምን አልጻፈችልኝም?» ብለው «እስክሪብቶ ጠፍቷት ነው» አለኝ። እኔ ያንቺን ቤት አላውቀውም? አራት ልጅ ያስተማረ ቤት እስክሪብቶ ይጠፋዋል? ሲወጣ ደግሞ እጄን ሳመኝ። ሀሩን! እጄን!

ሀቢባ፣ የያዘሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ጆሮሽ ባሰብሽ? ሌላ ነገር ነው? እስከ ጥምቀት ድረስ ቃልሽ ካልመጣልኝ ሶሎውንም ልብሱንም ትቼ እመጣለሁ። ዘፈኑ ለማን ሆነና?

ወይንሸት


ሰሚት፣ ጥር 8 ቀን 2017

በሕይወት ላለችው ለሀቢባ፤

ትናንት ቀብሬሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ገና ሲነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ተክለብርሃን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አስመረት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ተስፋጽዮን ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆመዋል። በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አንቺም ታውቂያለሽ።

«ወይንሸት፣ እስኪ ቁጭ በይ» አሉኝ አቶ ተክለብርሃን።

«ምንድን ነው? ምን ተፈጠረ?»

«የለም፣ የለም። ቁጭ በይ መጀመሪያ። ቁርስ ቀምሰሻል?»

ቁርስ ቀምሰሻል ሲሉኝ አለቀልኝ። መርዶ ነጋሪ ካልሆነ በዚያ ሰዓት ቁርሴን ማን ይጠይቀኛል? «እንግዲህ የዚህ ዓለም ነገር እንዲህ ነው፤ ዛሬ ያለው ነገ የሌላው ነው…» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረስኳቸውም። የሀሩን ቆጮ መሸከም፣ የተዘጋው ቴሌቪዥን፣ የጠፋው እስክሪብቶ፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። «ሀቢባዬን!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገሩኝ እንጂ እኔ አላውቀውም። ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ ሰው እያለቀሰ ወጣ። ጥበቃው የእድሩን ድንኳን ሊያወጣ ቁልፍ ፍለጋ ሮጠ። ባለ ጀሪካኑ ሰውዬ ወንበር ተሸክሞ ወረደ። አስመረት አቅፋኝ አብራኝ አልቅሳ፣ አፍንጫዋን ከጠረገች በኋላ ነው ቀስ ብላ በጆሮዬ «ሀቢባ ማናት?» ያለችኝ።

ለካስ የመጡት ሶሎዬን ሊቀሙኝ ነው! ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ተባለና ባንክ ለምትሠራ አንዲት ልጅ ሊሰጡት ኮሚቴው ወስኗል። በስብሰባ ላይ ቢነግሩኝ ሰው ፊት አፍራለሁ ብለው፣ ሱቄን ለመክፈት ሳልወጣ ቤቴ ድረስ ሦስት ሆነው መጡ። አስመረት ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ደግሞ መብራት ስለሌለ በጨለማ ስትለብሰው ተገልብጦባት ነው። ክብሬን ለመጠበቅ ብለው ገደሉኝ።

ሀሩን ጋ ደወልኩና «እናትህን አሁኑኑ አገናኘኝ!» አልኩት። «እ? ማነው? እ?» ስትዪ ሰማሁሽ። እንደዚያ ደስ ያለኝ «እ» በሕይወቴ የለም። ስልኩን ይዤ እንደገና አለቀስኩ፤ ሰዉም አብሮኝ እንደገና አለቀሰ። ለለቅሶ የተፈላውን ሻይ ጠጥተን ወንበሩ ተመለሰ።

ሁሉም ሲወጣ ተስፋጽዮን በር ላይ ደርቆ ቀረ። «እትዬ ወይንሸት፣ ይሄ ድምፅ እስካሁን የት ነበር?» አለኝ።

«ጎረቤት ይረበሻል ብዬ ነዋ!»

«ጎረቤቶችዎ እኮ እኛ ነን» አለኝ።

ሶሎው ተመልሶልኛል። አሁን ያንቺን ተናገሪ። ምን ነበር የደበቅሽኝ? ይቅር የምልሽ ከሰማሁ በኋላ ነው።

ወይንሸት


ቡታጅራ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ለአልቃሻዬ ለወይንሸት፤

ከተቀበርኩ በኋላ የምጽፍልሽ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ አክብረሽ ያዢው። እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ። የገናውንም ጨምረሽ ቁጠሪው።

ዓይኔ ነው። ሞራ ሸፍኖት ነበር። ጠረጴዛው አይነቃነቅም፤ ተነቃንቆም አያውቅም። ሐኪሞቹ ሞራውን ገፈው ዓይኔን በፋሻ አሰሩና ማንበብም መጻፍም ከለከሉኝ። አንቺ ብትሰሚ ደግሞ ሁሉን ጥለሽ መጥተሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ሾርባ ልታጠጪኝ ነው። ያን ጊዜ ዘፈኑስ? ሀሩንን አስምዬ ነው የላክሁት። መዋሸት እንደማይችልበት አውቃለሁ፤ ቆጮ ይሸከማል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። ይቅር በይኝ። ላስደነግጥሽ ብዬ ሳይሆን፣ ሳትደነግጪ ደስ ብሎሽ እንድትዘፍኚ ብዬ ነበር።

አሁን ደግሞ አንቺ ትመልሻለሽ። ጥበቃው ለሀሩን እንደነገረው «ከእህቴ የምትበልጪ፣ ባዶ እጅሽን ደጄን ረግጠሽ የማታውቂ» እያልሽ ነው ያለቀስሽልኝ። ይህን ለመስማት መሞት ነበረብኝ? በቁሜ የምሰማው «ቆጮሽ ኮምጥጧል» የሚለውን ብቻ ነው! ቀሪውንም ያልሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። አንድም እንዳታስቀሪ።

እኔም ሳልሞት ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከማዶ የሚጠራኝ ሰው የለም። ጆሮዬ መድከሙን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሰፈሩ ጭር ያለው አንቺ ስለሄድሽ መስሎኝ ነበር።

እመጣለሁ። ዓይኔ አሁን ከማዶ ያለ ዝንብ ያያል። ባልሰማሽ እንኳ አይሻለሁ።

ሀቢባ


ሰሚት፣ ጥር 21 ቀን 2017

ለሀቢባዬ፤

ጉድ ሆኛለሁ። አታዪኝም!

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ተለማመድን። አዲስ አዳራሽ ነው፣ ያምራል። መድረኩ ላይ ስንወጣ ተስፋጽዮን ከታች ሆኖ የሚመራበትን ዱላ አወረደ። ያ ባለፈው ዓመት መጋረጃ ያሰፋኝ ተቋራጭ ጨርቁን የሰቀለው እዚያ መድረክ ላይ፣ ከኋላችን ነው። እኛም መጋረጃው፣ መጋረጃውም እኛ! ከኋላ ወንበር የሚታየው አየር ላይ የተንሳፈፈ ጭንቅላት ብቻ ነው። አቶ ተክለብርሃን ጋቢ እንደርብ አሉ፣ አስመረት ደግሞ ሁላችንም ፈገግ ካልን ጥርሳችን ይለየናል አለች። አዲስ ልብስ ለመስፋት ጊዜ የለም። ከግራ ሦስተኛዋ ጭንቅላት እኔ ነኝ። ያዢልኝ።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ያ የመርዶው ዕለት ድምፅ እንደገና ጠፋብኝ። ቤት ውስጥ አለ፤ ወንበሮቹን ሳይ ግን ተመልሶ ይሸሸጋል። ባዶ ወንበር እንዲህ ካደረገኝ ሰው ሲቀመጥበትማ! ተስፋጽዮን ለባንኳ ልጅ ሶሎውን እንድትይዘው በጎን ነግሯታል፤ አይቻለሁ። አልፈርድበትም። እኔ የምፈራው እሱን አይደለም። ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ፣ ሳታዪኝም ሳትሰሚኝም እንዳትመለሺ ነው የምፈራው። ዓመት ቆይቼ ልዘፍንልሽ አልችልም፣ ሀቢባ። ጆሮሽ አይጠብቀኝም።

በጊዜ ድረሱ። ሀሩን መኪና ማቆሚያ ፍለጋ እንዳያዘገይሽ፤ ሰሚት እሑድ እሑድ ሠርግ በሠርግ ነው።

ወይንሸት


ቡታጅራ፣ ጥር 29 ቀን 2017

ለወይንሸቴ፤

በሰላም ገብተናል። አስመረት የቋጠረችልኝን ዳቦ መንገድ ላይ ሀሩን ጨርሶታል። አመስግኚልኝ፤ አልቶ ክፉ ነገር እንዳልሆነም ገብቶኛል።

ይቅርታ መጠየቅ አለብኝና ልጠይቅ። ለአቶ ተክለብርሃን፣ ለተስፋጽዮን፣ እግሩን ለረገጥኩት ሰውዬ፣ ለሁሉም ንገሪልኝ። ግን እንዴት እንደሆነ ከእኔ ስሚው። እነሱ ከፊት ነው ያዩት።

አርፍደን ገባን፤ የሀሩን ነገር ነው። በሩ አጠገብ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከግራ ሦስተኛዋን ጭንቅላት ቆጥሬ ዓይኔን ተከልኩባት፤ ስቄላት እጄንም አወዛወዝኩላት። አስመረት ነበረች። ለካ ግራ ያልሽው ያንቺን ግራ ነው። አንቺን ከዚያ መጋረጃ ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁሽ። ሐኪሙ ይህን ዓይን ለምን እንደሠራልኝ እንጃ።

አንድም ዘፈን አልሰማሁም፤ ለምን እዋሽሻለሁ? አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው ያየሁት። በደረጃው ዘፈን ላይ ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ አፉ ሁሉ ተዘጋ። አለቀ ብዬ አጎንብሼ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። ሳልሰማት ልሄድ ነው፣ ምን ብዬ ነው የምዋሻት፣ ስል ነበር።

ያን ጊዜ መጣ። «ጎረቤቴ ነይ» ያልሽው በጆሮዬ የገባ አልመሰለኝም። ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። እግሬ ቀድሞኝ ተነሳ። «ወዬ!» ማለቴን የነገረኝ ሀሩን ነው። «መጣሁ!» ማለቴን ደግሞ መላው አዳራሽ። በአንድ እግር ጫማ፣ ሻሼ ትከሻዬ ላይ ወድቆ፣ ወንበሮቹን አጋምሼ ነው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ የነቃሁት። ቀና ስል ካንዱ ጭንቅላት ላይ እንባ ሲወርድ አየሁ። አሃ፣ ያቻት አልኩ።

«ልትሄጂ ስታጎነብሺ አይቼ ብጠራሽ ዘፈኔን አቋረጥሽብኝ» ብለሽ ጽፈሻል። አዎ፣ አቋርጫለሁ። ጠርተሽኝ መች ቀርቼ አውቃለሁ? «ወዬ»ን ተስፋጽዮን በሚቀጥለው ጊዜ ከዘፈኑ ሊጨምረው እንዳሰበ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሥራውን ትቶ ሳቀ፤ ከዚያ «መቼ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

እንግዲያው ልብሴን ስፊልኝ። ከዚያ መጋረጃ ግን እንዳይሆን፤ ስትፈልጊኝ እንድታዪኝ። እኔ እንደሆን አንቺን ለማግኘት ማየት አያስፈልገኝም።

በሕይወት ያለችው ሀቢባ